እምቦጩ ዜሮ ሄክታር ሲሆን፦ ስለ ጂዳልና ስለ ፓይተን ባይንዲንጉ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ነኝ። ጣና ላይ ያለውን የእምቦጭ ስፋት ከሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል የሚያሰላ የፓይተን ስክሪፕት አለኝ፤ የማስተርስ ጽሑፌ ነው። የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ማዕዘኖች በኬንትሮስና በኬክሮስ በእጄ ጽፌ፣ ወደ ዩቲኤም፣ ማለትም በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ቀይሬ ምስሉን እቆርጥበታለሁ። ኡቡንቱ 18.04 ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው ላፕቶፔ ላይ ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል። አሁን ኡቡንቱ 22.04 ወዳለው ሌላ ላፕቶፕ ሳዛውረው መጀመሪያ የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው ፒፕ የሳተላይት ምስል ማንበቢያውን ጂዳልን አልጭንም አለ። ጓደኛዬ ያለኝን ሞክሬ ተጫነ፤ ከዚያ ‹ጂዳል አሬይ የሚባል ሞጁል የለም› አለኝ። እሱንም እንደምንም አለፍኩት። አሁን ኤረር የለም፣ ግን በሁሉም ምስል ላይ ውጤቱ ዜሮ ሄክታር ነው። ፓይተኑን ልቀይር? ወይስ ኮዱን እንደ አዲስ ልጻፈው?»

እህቴ፣ ፓይተኑን አትቀይሪ። ኮዱንም አትጣይው። ሁለት ዓመት የሠራ ኮድ ላፕቶፕ ስለተቀየረ ብቻ አይበላሽም፤ ከሥሩ ያለው ነገር ተቀይሮበት ነው። አንድ ችግር መስሎሽ ይሆናል እንጂ ያጋጠመሽ ሦስት የተለያየ ችግር ነው። ሁለቱ ጮኸው የመጡ ናቸው፣ አያስፈሩም። ሦስተኛው ዝም ብሎ ነው የገባው፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ካምፓስ ያሉ ልጆች ይኸው ነገር ሲገጥማቸው ደጋግሜ ስላየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «ጂዳል ጫንኩ» ስንል ሁለት ነገር ነው በአንድ ስም የምንጠራው። አንደኛው ራሱ ላይብረሪው ነው፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የተዘጋጀ ኮድ። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው፤ ፍራንክ ዋርመርዳም በ1998 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ዛሬ የካርታ ሶፍትዌሩን ኪውጂአይኤስን ጨምሮ የሳተላይት ምስል የሚከፍት ብዙ ሶፍትዌር የተመሠረተበት። ምስሉን የሚያነበው፣ የሚቆርጠው፣ ከአንዱ የካርታ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚያዛውረው እሱ ነው። ሁለተኛው ባይንዲንጉ ነው። ፓይተን ውስጥ ኢምፖርት የምታደርጊው ይህን ነው። ባይንዲንጉ ከባዱን ሥራ ራሱ አይሠራም። ፓይተን ያለውን ተቀብሎ ለላይብረሪው ያደርሳል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። አስተርጓሚ በይው።

አስተርጓሚ ጥሩ የሚሆነው የሚያስተረጉምለትን ሰው አነጋገር እስካወቀ ድረስ ነው። ሰውዬው አዲስ ቃል ከጨመረ፣ አስተርጓሚው ያን ቃል ይዘለዋል፤ ሌላው ይቀጥላል። አስተርጓሚው ግን ሰውዬው ገና ያልሰማውን ቃል ከጠየቀው ሥራው እዚያው ይቆማል። ያንቺ የመጀመሪያ ኤረር ይህ ሁለተኛው ነው።

ለፒፕ ቨርዥን ካልነገርሽው የሚያመጣልሽ የመጨረሻውን አዲስ ባይንዲንግ ነው። ልብ በይ፣ ላይብረሪውን አያመጣም። የባይንዲንጉን ምንጭ ኮድ ብቻ አውርዶ፣ ኮምፒውተርሽ ላይ ቀድሞ ከተጫነው ላይብረሪ ጋር ኮምፓይል ሊያደርገው፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ ሊቀይረው፣ ይሞክራል። ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው ጂዳል 3.4.1 ነው። አዲሱ ባይንዲንግ ደግሞ 3.4.1 ውስጥ ገና ያልነበሩ ፈንክሽኖችን ይጠራል። ስለዚህ ይወድቃል። ያንን ረጅም ቀይ ጽሑፍ ተረጋግተሽ ብታነቢው፣ መሀል ላይ «ይህ ባይንዲንግ ቢያንስ ይህን ያህል ቨርዥን ሊብጂዳል ይፈልጋል፣ የተገኘው ግን 3.4.1 ነው» የሚል መስመር ሳይኖረው አይቀርም። ሰው ሁሉ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ኮፒ አድርጎ እርዳታ ይጠይቃል። ቁምነገሩ ያለው ግን መሀል ላይ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ከራስሽ አትምረጪ፣ ማሽኑን ጠይቂው። ጂዳል ኮንፊግ የሚለውን ትዕዛዝ ቨርዥን ከሚለው አማራጭ ጋር ስትጠሪው አንድ ቁጥር ይመልስልሻል። ለፒፕ የምትሰጪው ያንኑ ቁጥር ነው፤ ጂዳል፣ ከዚያ ሁለት የእኩል ምልክት፣ ከዚያ 3.4.1። ትዕዛዙን አላውቀውም ካለሽ ሊብጂዳል ዴቭ የሚባለው ፓኬጅ አልተጫነም ማለት ነው፤ እሱን በኡቡንቱ ፓኬጅ መጫኛ በአፕት አስቀድሚ። ከሦስቱ አሃዞች ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው የስህተት እርማት ነው፣ 3.4.1 እና 3.4.3 ያለ ጠብ ይግባባሉ።

ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ይሄዳል። ባይንዲንጉን ወደ ላይብረሪው ከማውረድ ይልቅ ላይብረሪውን ወደ ባይንዲንጉ ልስቀለው ይላል። ኡቡንቱ ጂአይኤስ የሚባለውን ተጨማሪ የፓኬጅ ምንጭ ይጨምርና ጂዳልን ያሳድጋል። አንዳንዴ ይሳካል። ግን ኪውጂአይኤስም ሌላውም እዚያው ላይብረሪ ላይ ስለተቀመጠ፣ አንዱን ስትነቀንቂው ሁሉም ይነቃነቃል። ጠዋት ባይንዲንግ ሊያስተካክል የተነሣ ሰው ማታ ላይ ኪውጂአይኤስ አልከፈት ብሎት ሲያለቅስ አይቻለሁ። መመረቂያ በእጁ ያለ ሰው ይህን መንገድ ባይነካው ይሻለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም «ስሙ አንድ ሆኖ ለምን አይግባባም?» የሚለው ሁሌም የሚነሣ ጥያቄ ነው። ሁለት ዓይነት ስምምነት አለ። ኤፒአይ የሚባለው የስም ስምምነት ነው፤ ይህን ፈንክሽን በዚህ ስም ትጠሪዋለሽ የሚል። ኤቢአይ የሚባለው ደግሞ የቦታ ስምምነት ነው፤ ኮምፓይል ከተደረገ በኋላ እያንዳንዱ ነገር ሜሞሪ ላይ የት እንደሚቀመጥና በምን ቅርጽ እንደሚተላለፍ የሚወስን። እናትሽ «ስኳሩ ከመደርደሪያው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው» ብላሽ ለምደሻል እንበል። አንድ ቀን መደርደሪያው ተስተካከለ፤ ስኳሩ ወደ አራተኛው ሄደ፣ ሦስተኛው ላይ ጨው ተቀመጠ። ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ስኳሩም ስሙ ስኳር ነው። ማታ መብራት ጠፍቶ እጅሽን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ስትሰጂ ግን ሻይሽ ውስጥ የሚገባው ጨው ነው። ቦታው ተቀይሯል ብሎ የሚያስጠነቅቅሽ የለም። ኮምፓይል የተደረገ ባይንዲንግ በጨለማ እንደሚዳብስ እጅ ነው። ከሌላ ቨርዥን ጋር ስታጋጪው አንዳንዴ ፕሮግራሙ ያለ አንድ ቃል ይዘጋል፣ ሴግመንቴሽን ፎልት ይልና ያበቃል።

ለዚህ ነው የላይብረሪው ፋይል ራሱ ስሙ ላይ ቁጥር የሚይዘው። አሮጌው ላፕቶፕሽ ላይ ሊብጂዳል ዶት ኤስኦ ዶት 20 ነበር። አዲሱ ላይ 30 ነው። 20.04 ላይ 26 ነበር፣ 24.04 ላይ ደግሞ 34 ነው። ኤልዲዲ የሚባለውን ትዕዛዝ በባይንዲንጉ ፋይል ላይ ብታስኬጂ የትኛውን ቁጥር እንደሚፈልግ ይዘረዝርልሻል። አጠገቡ «አልተገኘም» ካለ ባይንዲንጉ የተገነባው ለሌላ ቤት ነው። አሮጌውን ፎልደር በፍላሽ ገልብጦ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ መለጠፍ የማይሠራው ለዚህ ነው። የፓይተኑም ቨርዥን በዚሁ ይገባል፤ ለ3.6 የተገነባ ባይንዲንግ በ3.10 አይጫንም።

ወደ ሁለተኛው ኤረር እንሂድ። ጂዳል አሬይ ማለት ምስሉን ናምፓይ ወደሚባለው የፓይተን የስሌት ላይብረሪ ቁጥሮች የሚቀይረው የባይንዲንጉ ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሚገነባው ባይንዲንጉ ኮምፓይል በሚደረግበት ሰዓት ናምፓይ እዚያው ካለ ብቻ ነው። ከሌለ፣ እንደ 3.4 ያለው ቨርዥን አይጮህም፤ ያንን ክፍል ትቶ ሌላውን ይጨርሳል። አንቺ «ናምፓይ እኮ ተጭኗል» ትይኛለሽ። ልክ ነሽ። ግን የዛሬው ፒፕ ኮምፓይል የሚያደርገው አንቺ ባዘጋጀሽው ቤት ውስጥ አይደለም። ለብቻው ጊዜያዊ ክፍል ይሠራል፣ እዚያ ውስጥ ይገነባል፣ ሲጨርስ ክፍሉን ያፈርሰዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ናምፓይ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ናምፓይን፣ እንዲሁም የመገንቢያ መሣሪያዎቹን ሴቱፕቱልስንና ዊልን ራስሽ ጫኚ። ከዚያ ጂዳልን ስትጭኚ «ኖ ቢልድ አይሶሌሽን» የሚለውን አማራጭ ጨምሪ፤ ለብቻህ ክፍል አትሥራ፣ እኔ ቤት ውስጥ ገንባ ማለትሽ ነው።

አሁን ደግሞ ሰውን ሁሉ ግማሽ ቀን የምታስፈጀዋን ነገር ልንገርሽ። ፒፕ አንዴ የገነባውን ያስቀምጣል። አንቺ ናምፓይን አስተካክለሽ፣ ጂዳልን አጥፍተሽ እንደገና ስትጭኚ፣ ፒፕ እንደ አዲስ የሚገነባ ይመስልሻል። አይገነባም። ቅድም ያለ ናምፓይ የገነባውን ጎደሎ ከመጋዘን አውጥቶ ይሰጥሻል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተጭኖ ካለቀ ይህ እንደሆነ እወቂ፤ ጂዳልን ኮምፓይል ማድረግ በጥቂት ሰከንድ አያልቅም። «ኖ ካሽ ዲር» የሚለውን አማራጭ ስትጨምሪ ነው በእውነት እንደገና የሚገነባው።

ናምፓይንም ዝም ብለሽ አትጫኚ። በሰኔ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ናምፓይ 2.0 ሲወጣ ኤቢአዩ ተቀይሯል። በናምፓይ 1 ላይ ኮምፓይል የተደረገ ባይንዲንግ በናምፓይ 2 ላይ አይሠራም። ጂዳል 3.4.1 ከዚያ በፊት የወጣ ስለሆነ ናምፓይን ከ2 በታች አድርጊው። የድሮ ትምህርት እየተከተልሽ ከ3.3 በፊት ያለ ባይንዲንግ ለመጫን ከሞከርሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ሴቱፕቱልስ 58 ሲወጣ እነዚያ የሚጠቀሙበትን የድሮ አሠራር አስወግዶታል፣ ስለዚህ ከ58 በታች የሆነ ሴቱፕቱልስ ይፈልጋሉ። አንቺ ግን 3.4.1 ላይ ስለሆንሽ ይህ አይነካሽም።

እንግዲህ ሦስተኛው። ዜሮ ሄክታር።

ጂዳል 3.0 በ2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አንድ ትልቅ ነገር ተቀየረ። ካርታ የሚያዛውርለት ፕሮጅ የሚባለው ሌላ ላይብረሪ ነው፤ ወደ ፕሮጅ 6 ሲሸጋገሩ የነጥብ ቅደም ተከተል ኢፒኤስጂ በሚባለው የካርታ ሥርዓቶች ይፋ መዝገብ መሠረት ይሁን ተባለ። ኢፒኤስጂ 4326 ብለን የምንጽፈው፣ ጂፒኤስም የሚሰጠን፣ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው መጀመሪያ ኬክሮስ፣ ቀጥሎ ኬንትሮስ ተብሎ ነው። ጂዳል እስከ 2 ድረስ ይህን ችላ ብሎ ሁላችንም በለመድነው መንገድ፣ ኬንትሮስን አስቀድሞ ይሠራ ነበር። አንቺም በዚያው ለምደሽ 37 ነጥብ ምናምን፣ ከዚያ 12 ነጥብ ምናምን እያልሽ ጻፍሽ። ትክክልም ነበር። ኡቡንቱ 18.04 ላይ የነበረው ጂዳል 2.2.3 ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ያለው 3.4.1 ያንኑ ቁጥር ሲያነብ 37ን ኬክሮስ፣ 12ን ኬንትሮስ አድርጎ ይወስደዋል።

ያ ቦታ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሜዲትራንያን ባሕር ነው። ቱኒዚያና ሲሲሊ መሀል። ስክሪፕትሽ የደንቢያንና የፎገራን ዳርቻ እምቦጭ እዚያ ነው ሲፈልግ የከረመው። የሴንቲኔል ምስልሽ ደግሞ የጣና ነው። ማዕዘኖቹ ከምስሉ ውጪ ስለወደቁ የተቆረጠው ባዶ ሆነ፣ ባዶ ሲደመር ዜሮ ሆነ። ኤረር የለም፣ ምክንያቱም ለጂዳል ምንም ስህተት አልተፈጠረም። ባይንዲንጉና ላይብረሪውም አሁን ተግባብተዋል። ያልተግባባው ኮድሽ ከጂዳል 3 ጋር ነው።

ይህን ጉዳይ አክርሬ የምናገረው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሰርቨሩ አፕዴት ተደረገ፣ የወሩ ስክሪፕት በሰዓቱ ሠራ፣ ሠንጠረዡ ተሞላ። ወሩ ጥቅምት ነበር። በዚያው ሳምንት በፎገራ በኩል ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው እምቦጭ በእጃቸው ይነቅሉ ነበር። የእኛ ሠንጠረዥ በዚያ ዳርቻ ዜሮ ይላል። ያተረፈን ከመስክ የተመለሰ የሥራ ባልደረባችን ነው። ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ወረቀቱን አየና «እዚህ ጋ ዜሮ? እኔ እኮ ጀልባዋን ማለፊያ አጥተን ነው የተመለስነው» አለ። እሱ ባይኖር ወረቀቱ ተፈርሞበት ይወጣ ነበር። ፓኬጁን አልጭንም ብሎ የወደቀ ቀን የሚያጠፋው የአንድ ሰው ጊዜ ነው። በዜሮ የሞላ ሠንጠረዥ ግን ለዚያ ዳርቻ ሰውም ጀልባም እንዳይላክ ሊያደርግ ይችላል።

ማስተካከያው አጭር ነው። ኮድሽ ውስጥ ኢምፖርት ፍሮም ኢፒኤስጂ ብለሽ 4326ን የፈጠርሽበትን መስመር ፈልጊ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሪ፤ «ሴት አክሲስ ማፒንግ ስትራተጂ» የሚለውን ጠርተሽ «ትራዲሽናል ጂአይኤስ ኦርደር» የሚለውን ስጪው። በድሮው ቅደም ተከተል ሥራልኝ ማለት ነው። ይህ መስመር የግድ ትራንስፎርሜሽኑ ከመፈጠሩ በፊት መሆን አለበት፤ ከተፈጠረ በኋላ ብትጨምሪው ምንም አይለውጥም። ለ32637ም፣ ማለትም ጣና ላለበት የዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ያንኑ መስመር ጨምሪለት፤ እዚያ ላይ ቅደም ተከተሉ ባይቀየርም ልማድ ይሁንሽ። የፕሮጅን የፓይተን ባይንዲንግ፣ ፓይፕሮጅን፣ የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ «ኦልዌይስ ኤክስ ዋይ» የሚለውን ትሩ አድርጊው፣ በቃ።

ከጂኦጄሰን ወይም ከሼፕፋይል የካርታ ፋይል የምታነቢው ንብርብር ላይ ይህ ችግር አይታይም፤ ጂዳል ራሱ የድሮውን ቅደም ተከተል ይዞ ይከፍታቸዋል። የጓደኛሽ ኮድ ያለ ችግር ሠርቶ ያንቺ ዜሮ ካወጣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በእጅ የተጻፈ ነጥብ ነው የሚጠቃው።

ኮዱ አሮጌውም አዲሱም ላፕቶፕ ላይ እንዲሠራ ከፈለግሽ ያቺ መስመር ጂዳል 2 ላይ ስለሌለች ትወድቃለች። ቨርዥን ኢንፎ የሚለውን ፈንክሽን ጥሪ፤ 3.4.1ን 3040100 ብሎ በሰባት አሃዝ ይመልሳል። ወደ ቁጥር ቀይረሽ ከ3000000 እኩል ወይም በላይ ከሆነ ብቻ መስመሯ ትሥራ በይ።

አሁን ስለ አጫጫኑ። ሁለት መንገድ ነው ያለው፣ ሁለቱም ጥሩ ነው፣ መደባለቁ ነው መጥፎ። የመጀመሪያው ሁሉንም ከአፕት መውሰድ ነው። ፓይተን 3 ጂዳል የሚለውን ፓኬጅ ከአፕት ስትጭኚ ባይንዲንጉ፣ ላይብረሪውና ናምፓዩ በኡቡንቱ ሰዎች አንድ ላይ ተገንብተው ተፈትነው ይመጣሉ። ኮምፓይል የለም። ከዚያ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት፣ ማለትም ለአንድ ሥራ የተለየ የፓይተን ክፍል፣ ስትፈጥሪ «ሲስተም ሳይት ፓኬጅስ» የሚለውን አማራጭ ብትሰጪው የአፕቱን ጂዳል ያየዋል። ብቻ እዚያ ውስጥ በፒፕ አዲስ ናምፓይ አትጫኚበት። ላንቺ የምመክረው ይህን ነው። ቀላል ነው፣ የሚያወርደውም ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ኮንዳ የሚባለው ሌላ ፓኬጅ መጫኛ ነው። ኮንዳን የያዘውን ሚኒፎርጅ ጭነሽ ሁሉንም ኮንዳ ፎርጅ ከሚባለው የፓኬጅ ምንጭ ትወስጃለሽ። ኮንዳ ከፒፕ የሚለየው ሲ ፕላስ ፕላሱንም ላይብረሪ አብሮ ማምጣቱ ነው፤ ስለዚህ ባይንዲንጉና ላይብረሪው ተስማምተው ይገባሉ፣ የኡቡንቱውን አይነኩትም። አዲስ ቨርዥን የግድ ካስፈለገሽ መንገዱ ይህ ነው። በመቶዎች ሜጋባይት ስለሚያወርድ ግን በሞባይል ጥቅል ከሆነ አስቢበት። ያለቀለትን ኢንቫይሮመንት በኮንዳ ፓክ አንድ ፋይል አድርገሽ በፍላሽ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል፣ ተመሳሳይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እስከሆነ ድረስ። የእኔ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አለ፤ ፔዳ አካባቢ ካለሽ ፍላሽ ይዘሽ ብትመጪ እሰጥሻለሁ፣ ጥቅልሽን አትጨርሺ።

መደባለቅ ያልኩት እንዲህ ነው። ሌላውን የምስል ማንበቢያ፣ ራስተሪዮን፣ በፒፕ ስትጭኚ የራሱን ጂዳልና የራሱን ፕሮጅ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይመጣል። አጠገቡ ሌላ ጂዳል ካለ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ጂዳል ይገባል። ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ፣ አንድ ቀን ግን ፕሮጅ ዳታቤዙ «ከሌላ የፕሮጅ ጭነት የመጣ ነው» የሚል ኤረር ታያለሽ። ያኔ ፕሮጅ ሊብ ወይም ፕሮጅ ዳታ የሚባል የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጭ ሌላ ፎልደር እያመለከተ እንደሆነ ተመልከቺ። ራስተሪዮም ጂዳልም ካስፈለጉሽ ሁለቱንም ከኮንዳ ፎርጅ ውሰጃቸው።

ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ «ዩዝ ኤክሴፕሽንስ» የሚለውን ፈንክሽን ጥሪ። የጂዳል የፓይተን ባይንዲንግ ካልነገርሽው ስህተት ሲገጥመው «ነን» የሚባለውን ባዶ መልስ ይመልሳል እንጂ ፕሮግራሙን አያቆምም። ዜሮሽን ይህ አይይዝልሽም ነበር፣ ግን ያልተከፈተ ምስል ላይ ስትደምሪ አትውይም።

ከጨዋታው ትንሽ ወጣ ልበልና፣ የምስሉም ቨርዥን አለው። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሴንቲኔል 2 ምስሎች ፒክሰል ላይ 1000 ተጨምሮ ነው የሚመጣው፤ ከመጠቀምሽ በፊት መቀነስ አለብሽ። ሳትቀንሺ ኤንዲቪአይ የሚባለውን የአረንጓዴነት መለኪያ ብታሰዪ ከዚያ በፊት ካለው ምስል ጋር አይወዳደርም፤ እምቦጩ ሳይቀንስ የቀነሰ ይመስላል። ዓመታትን የምታወዳድሪ ከሆነ ይህን ፈትሺ። ሁለት ዓመት የሠራልሽ ውጤት ውስጥም ይህ ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ይህን አድርጊ። አሁን ያለውን ኢንቫይሮመንት ለመጠገን አትሞክሪ፣ ሰርዘሽ አዲስ ሥሪ፤ ስንት ነገር እንደተነካካበት አንቺም አታስታውሺውም። ከአፕት ጫኚ። ከዚያ ሦስት ቁጥር ጻፊ። ጂዳል ኮንፊግ የሚመልሰውን፣ ያ የላይብረሪው ነው። ፓይተን ውስጥ ቨርዥን ኢንፎ የሚመልሰውን፣ ያ በእውነት ሜሞሪ ላይ የተጫነው ነው። የናምፓይን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ጂዳል አለ፤ ወደ ፊት አትሂጂ። እነዚህን ቁጥሮች ከኮዱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጫቸው፣ ጽሑፍሽም ውስጥ ይግቡ፤ ከዓመት በኋላ ውጤትሽን መድገም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እነሱን ነው።

ቀጥሎ መልሱን የምታውቂውን አንድ ነጥብ አስገቢ። ደቅ ደሴትን ውሰጂ፤ ኬንትሮስ 37.27፣ ኬክሮስ 11.9። ወደ ዩቲኤም ሲቀየር የመጀመሪያው ቁጥር 311 ሺህ 600 ገደማ፣ ሁለተኛው 1 ሚሊዮን 316 ሺህ ገደማ መምጣት አለበት። ሁለተኛው ከ4 ሚሊዮን በላይ ከሆነ ወይም የመጀመሪያው ከዜሮ በታች ከወረደ አሁንም ሜዲትራንያን ላይ ነሽ። ይህችን ፍተሻ ስክሪፕቱ ራሱ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ እንዲሠራት አድርጊ፤ ደቅ ቦታው ላይ ከሌለ ፕሮግራሙ ይቁም። የተቆረጠው ምስል ባዶ ከሆነም ዜሮ ብሎ አይጻፍ፣ ይቁም።

መጨረሻ ላይ አሮጌው ላፕቶፕ ገና ካለሽ እንዳትሸጪው፣ እንዳታጸጂውም። አንድ ምስል ወስደሽ በሁለቱም ላይ አስኪጂው። ሄክታሩ መቀራረብ አለበት፤ ጥቂት ፒክሰል ሊለያይ ይችላል፣ ከዚያ በላይ ከተለያየ ሌላ የተቀየረ ነገር አለ። ሦስቱን ቁጥሮች፣ የደቅን ነጥብና የሁለቱን ላፕቶፖች ሄክታር እዚሁ ጻፊልኝ፤ ካልተገጣጠመ አብረን እናየዋለን።